የሐሙስ ማታ ሂሳብ

መስኮት አጣቢ የሆነ ሁሉ አንድ ሕግ አለው። ዓይኑ መስታወቱ ላይ ይቀራል እንጂ መስታወቱን አልፎ አይገባም። ክላይቭ ሃወርዝ ይህን ሕግ በእንግሊዟ ትንሽ ከተማ በቶድሞርደን ዳገት ላይ ጎልማሳነቱን ሙሉ ጠብቆ ኖሯል። ባልና ሚስት ሲሰዳደቡ፣ ሽማግሌ ጥርሱን አውልቆ ብርጭቆ ውስጥ ሲከት፣ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር በውስጥ ሱሪው ሲጨፍር፣ ሁሉንም አይቶ አላየም። «ሰው የሚከፍለኝ ለጠራ መስታወት ብቻ አይደለም፤ ላላየ ዓይንም ነው» ይል ነበር።

ያን ሐሙስ ግን በሎሬን ፒክልስ የወጥ ቤት መስኮት ፊት ቆሞ ሕጉን አፈረሰ።

ዝናብ አዘግይቶት ነው እዚያ ቤት የደረሰው ቀኑ ወደ ማታ ሲያዘነብል። ሎሬን ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ተመልሳለች። ብቻዋን ግን አይደለችም። አትክልተኛው ራስል ባራክላው ጭቃ የበላው ቦት ጫማውን በሩ ሥር አውልቆ፣ በካልሲ እግሩን ጠረጴዛው ሥር ዘርግቶ፣ የዝንጅብል ኬክ እየገመጠ ይስቃል። ሎሬንም ትስቃለች። ከዚያ ብድግ አለችና እጀታዋ የተሰበረባትን ሰማያዊ የሻይ ማንቆርቆሪያ ከመደርደሪያው አወረደች። እጇን ከተተች፤ የተጣጠፉ ኖቶች አውጥታ ራስል መዳፍ ላይ አኖረች።

የክላይቭ የላስቲክ መጥረጊያ መስታወቱ መሃል ላይ ቆሞ ቀረ። የሳሙናው ውሃ መስመር እየሠራ ወደ ደፉ ወረደ።

ያቺ ማንቆርቆሪያ የእሱ ነበረች።

የእሱ ነበረች ማለት ለእሱ የሚሰጠው ገንዘብ የሚቀመጥባት ነበረች። እነዚያ የድንጋይ ቤቶች ሰዎቻቸው ቀን ሥራ ስለሚውሉ ክላይቭ ቀን ያጥብና ማታ ከእራት በኋላ በር በር እያንኳኳ ሂሳቡን ይሰበስብ ነበር። የሎሬን በር ከመንገዱ መግቢያ ሁለተኛ ነው። እሱ ግን አንደኛውን አንኳኩቶ፣ ሁለተኛውን ዘልሎ፣ ዳገቱን እስከ ጫፍ ወጥቶ ሲመለስ በስተመጨረሻ ነበር የሚያንኳኳው። ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ማንም አልጠየቀውም፤ ራሱንም አልጠየቀም።

«ክላይቭ ነህ?» ትለው ነበር ከውስጥ፣ ሌላ ሰው ሊሆን የሚችል ይመስል።

«ሻዩ ይቅር ሎሬን፤ አላስቸግርሽ።»

«ምን ችግር አለው? ጥጄዋለሁ እኮ።»

ከዚያ ይቀመጣል። ኬክ ይቀርባል። ስለ ዝናቡ ያወራሉ፤ ከዝናቡ ወደ ንፋሱ፣ ከንፋሱ ወደ መጪው ሳምንት ዝናብ ይሻገራሉ። እሱ ሚስቱ ሞታበታለች፤ እሷን ባሏ ሌላ ሴት ተከትሎ ስፔን ገብቶ ትቷታል። ስለዚህ ግን አያወሩም። ሁለት ሰዎች ስለ አየር ጠባይ ብቻ ይህን ያህል ዓመት ማውራት ከቻሉ ከአየር ጠባዩ ሌላ አንድ ነገር መኖሩን ሞኝም ይገባዋል። እነሱ ሞኞች አልነበሩም፤ ዓይን አፋሮች ነበሩ እንጂ።

ይህን ሁሉ ያበላሸው የገዛ ልጁ ምክር ነው። ኬይሊ ሃሊፋክስ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት። ባለፈው መኸር እሁድ ለምሳ መጥታ ጉልበቱን ይዞ ሲቀመጥ አየችው።

«አባዬ፣ አሁንም በየሰው በር እየዞርክ ገንዘብ ትለምናለህ?»

«አልለምንም። የሠራሁበትን ነው የምቀበለው።»

«ፀጉር አስተካካዩ ካርድ ይቀበላል። ውሻ አጣቢዋ ካርድ ትቀበላለች። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሙዳየ ምጽዋቱ ላይ ካርድ ማስነኪያ ተክለዋል። እግዚአብሔር ያልጠላውን አንተ ምን አስጠላህ?»

«እግዚአብሔር ሻይ አይጠጣም» አላት። አልገባትም።

በዚያው ሳምንት ኬይሊ ያማረች ወረቀት አሳትማ አመጣችለት። «ውድ ደንበኛችን፤ ከእንግዲህ ሂሳብዎን በስልክዎ ማስተላለፍ ይችላሉ። ቤት መገኘት አያስፈልግዎትም፤ እኛም በርዎን እያንኳኳን አናስቸግርዎትም» ትላለች። ክላይቭ «እኛ» በምትለዋ ሳቀ፤ እሱና መሰላሉ መሆናቸው ነው። ጉልበቱ ግን እውነትም ያመዋል። ባዶ ቤት ማንኳኳት፣ ከውሻ ጋር መፋጠጥ፣ «የሚቀጥለው ወር አብሬ ልስጥህ» መባልም ሰልችቶታል። ወረቀቷን በየበሩ የደብዳቤ ቀዳዳ አስገባ።

የሎሬን በር ጋ ሲደርስ ቆመ። ቢዘላት ምን ይመስላል? ለመንገዱ ሰው ሁሉ ሰጥቶ ለእሷ ብቻ መከልከል በጎዳናው ላይ ቆሞ እንደመጮህ ነው። ደግሞም እርግጠኛ ነበር፤ እሷ እንደሆነች «ይሄ ለእኔ አይሆንም፤ አንተ ና» ማለቷ አይቀርም። አስገባት።

ሐሙስ ቀን መስኮቷን አጥቦ ገና ከመሰላሉ ሳይወርድ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ሎሬን ፒክልስ ሰዓቱን ጠብቃ ከመድኃኒት ቤቱ ከፍላለች። በሚቀጥለው ወርም ባልዲውን ሳይደፋ ከፈለች። ከዚያ ወዲህ እንደ እሷ ፈጥኖ የሚከፍል ደንበኛ አልነበረውም። ያለ ጉዳይ የሰው በር ማንኳኳት ደግሞ በዚያ ጎዳና ያልተለመደ ነው፤ የክላይቭ ጉዳይ ገንዘቡ ነበር፤ ገንዘቡ በአየር መጣ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይህ ነው።

እናም አሁን፣ ብርዱ አልፎ ጸደይ ሲገባ፣ ሌላ ሰው የእሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከእሱ ማንቆርቆሪያ ይከፈለዋል። ክላይቭ መጥረጊያውን አንስቶ መስታወቱን በጥድፊያ ጨረሰና ወደ ጎረቤት አለፈ።

ጎረቤቷ ወይዘሮ ሳትክሊፍ ናቸው። ዕድሜያቸው ዘጠናን ሊነካ ነው፤ ስልክ የሚይዙት ለመናገር ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬም ሂሳቡን ከሰናፍጭ ብልቃጥ ውስጥ ሳንቲም በሳንቲም እየለቀሙ በእጁ ይሰጡታል።

«ምነው ልጄ፣ ፊትህ የከረመ ወተት መሰለ?»

«ደህና ነኝ።»

«ያንን የአትክልተኛ መኪና አይተህ ነው። እኔም አይቼዋለሁ። የሎሬን ጓሮ እኮ መሐረብ ታክላለች። ያ ሰውዬ ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ይቆፍራል? ድንች ነው ወይስ ልብ?»

«የራሷ ጉዳይ ነው፣ ወይዘሮ ሳትክሊፍ።»

«ነው እንጂ! የአንተማ አይደለም። አንተማ ወረቀትህን በትነህ ተገላገልክ።»

«ለምቾታችሁ ብዬ ነው።»

«የእኔን ለድመቷ አንጥፌላታለሁ። በጣም ተመችቷታል» አሉና ሳንቲሞቹን መዳፉ ላይ አራገፉለት።

ክላይቭ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ቅናት መልካም ሰውንም ብልጣብልጥ ያደርጋል። በሚቀጥለው ጊዜ የሎሬንን ቤት ሲያጥብ ከላይ በመኝታ ቤቷ መስኮት ላይ እርግብ ትልቅ ኩስ ጥላ አገኘ። መጥረጊያውን አነሳ፤ መልሶ አወረደ። ሌላውን ሁሉ እንደ እንባ አጥርቶ ያቺን መስታወት እንዳለች ትቷት ወረደ። ሎሬን ታያታለች፤ ትደውላለች፤ «ክላይቭ፣ አንዷ ቀርታለች» ትለዋለች፤ እሱም «ይቅርታ፣ ማታ መጥቼ አጠናቅቃታለሁ» ይላል፤ ማታ ሲመጣ ሻይ ተጥዶ ይሆናል። ሐሳቡ ይህ ነበር።

ከመሰላሉ ሳይወርድ ስልኩ ጮኸ። ሎሬን ከፍላለች። «ግሩም ሥራ፣ አመሰግናለሁ» የሚል መልእክትም አብሮ መጣ።

ወሩን ሙሉ ጠበቀ፤ አልደወለችም። ተመልሶ ሲመጣ ኩሱ አጠገቡ ወንድም ተወልዶለታል። እንደገና ተወው፤ እንደገና ተከፈለው፤ እንደገና ተመሰገነ። የረሳው ነገር ቢኖር ሎሬን ማን እንደሆነች ነው። ምግብ ቤት ሾርባ ቀዝቅዞ ቢቀርብላት «ጣፋጭ ነው» ብላ እስከ መጨረሻው ጠጥታ፣ ቤቷ ስትገባ የምትቆጣ ሴት ናት። እሱም ቢሆን ያው ነው። ቅሬታ ማቅረብ በሁለቱም ዘንድ በአደባባይ ልብስ ከማውለቅ አይለይም።

አንድ ማታ አሳ ጥብስ ቤት ሰልፍ ላይ ከፊቱ ያለው ሰው ዞር ሲል ራስል ሆኖ አገኘው።

«ክላይቭ! ወንድሜ! መሰላሉ እንዴት ነው?»

«ቆሟል። አካፋውስ?»

«ይቆፍራል» አለ ራስል። ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ ንፋስ የመታው፣ ማንንም ለማስከፋት የማያስብ ሰው ነው፤ ለመጥላት እንኳ አይመችም። ተራው ሲደርስ ከኪሱ ኖት አወጣ። ጠባሿ የካርድ ማስነኪያውን መልሳ አስቀመጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ አሁንም ይሄን የሙዚየም ዕቃ ይዘህ ትዞራለህ ሆዴ?» ሰውን ሁሉ ሆዴ ነው የምትለው፤ ፖሊሱንም ጭምር።

«ካሽ ያዋራል፣ ሆዴ። ስልክ ሲከፍልህ ማን ያዋራሃል? ካሽ የሚሰጥህ ሰው ግን ዓይንህን አይቶ ነው የሚሰጥህ። ከኋላው ሻይም ይከተላል።» ወደ ክላይቭ ዞረ። «ሎሬን ፒክልስን ታውቃታለህ አይደል? የእሷንም መስኮት የምታጥብ መሰለኝ።»

«አጥባለሁ።»

«ኬኳን ቀምሰህ ታውቃለህ?»

ክላይቭ የዋጋውን ሰሌዳ ማንበብ ጀመረ። ከምጣዱ ላይ ዘይቱ ይጮሃል።

«ጉድ ነው እልሃለሁ! ሐሙስ ማታ ናና ተከፈል ነው የምትለኝ። ሌላ ቀን ልምጣ ብላት አይሆንም። ‹ሐሙስ ማታ ቤት መገኘት ልማዴ ነው› አለችኝ። እንዲህ ያለ ልማድ ከየት አመጣች?»

«እንጃ» አለ ክላይቭ።

ራስል ጥቅሉን ታቅፎ ሄደ። ክላይቭ ተራው ደርሶ ካርዱን አስነካ። መሣሪያው ጢክ አለ፤ ጠባሿ ቀና ሳትል «ቀጣይ!» አለች። አሳውን ከተማውን በሚያቋርጠው ቦይ ዳር ተቀምጦ ሊበላው ሞከረ፤ ግማሹን ተወው። የሐሙስ ነገር አልወጣለትም። ሐሙስ የእሱ ነበረች። ማንቆርቆሪያውን ብትሰጥ፣ ወንበሩን ብትሰጥ ይሁን፤ ሐሙስን ለሰው ትሰጣለች? የተረፈውን ለዳክዬዎቹ በተነላቸው። ያልበላሁትን ጭሬ ልበትነው እንዳለችው ዶሮ መሆኑ ነው።

በሚቀጥለው ዙር መሰላሉን የሎሬን ግድግዳ ላይ ደግፎ ወደ ላይኛው መስኮት ሲወጣ ኩሱ የለም። መስታወቱ ታጥቧል። እንዴት እንደታጠበ ለማየት ግን አንድ ጊዜ በቃው። ክብ ክብ የስፖንጅ ዱካ፣ ጥግ ጥጉ ላይ የቀረ ሳሙና፣ መሃሉ ላይ በጋዜጣ የተፈተገ ምልክት። የሌላ ሰው እጅ ነው። ወደ ታች ተመለከተ። አበባው መደብ ላይ የሌላ ሰው መሰላል እግሮች ሁለት ጉድጓድ ትተዋል።

በሙያው የሌላውን ሰው መስኮት መንካት ነውር ነው፤ በዚህ የተጣሉ፣ ለዓመታት ሰላምታ የተነፋፈጉ ሰዎች አሉ። ክላይቭ ግን ያን ጊዜ ሙያው ትዝ አላለውም። ትዝ ያለው መስኮቱ የመኝታ ቤቷ መሆኑ ነው። ዓይኑ ደም ለበሰ። ከመሰላሉ ወረደ፤ ባልዲውን እንዳንጠለጠለ ቤቱን ዞሮ የፊት በሩን አንኳኳ። ወረቀቷን ካስገባ ወዲህ ይህን በር ሲያንኳኳ የመጀመሪያው ነው።

ሎሬን ለምሳ ዕረፍት ቤቷ ገብታ ነበር፤ የመድኃኒት ቤቱን ነጭ ጋዋን ሳታወልቅ ከፈተች።

«ክላይቭ?»

«የላይኛዋን መስኮት ማን አጠባት?»

«ሰላምታ ቀረ እንዴ?»

«ደህና ዋልሽ? ማን አጠባት?»

«ራስል።»

«የእኔ መስኮት ናት።»

«የእኔ መስኮት ናት፣ ክላይቭ። አንተ አጣቢዋ ነህ። ደግሞም አላጠብካትም።»

ክላይቭ የባልዲውን እጀታ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። «አይተሻታል ማለት ነው?»

«መኝታ ቤቴ እኮ ነው! ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው የእርግብ ኩስ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ልበልህ? ከፈልኩህ፤ አመሰገንኩህ።»

«ቅሬታ ብታቀርቢ...»

«ቅሬታ!» አለች ሎሬን፣ ፊቷ እየቀላ። «ራስል ጓሮ ሆኖ አየው። ‹ይሄ ምንድነው?› አለ፤ መሰላል አመጣ፤ ጠረገው። እሱ ያየውን ይናገራል።»

«እሱማ በካሽ ስለሚከፈለው ከውስጥ አይወጣም።»

«በር ስለሚያንኳኳ ነው! አላንኳኳም ያልከው አንተ ነህ። ያን ሁሉ ዓመት ኬኬን ስትበላ ኖረህ ‹ውድ ደንበኛችን› አልከኝ።»

«ኬይሊ ናት የጻፈችው።»

«ያስገባኸው አንተ ነህ። መጋረጃው ሥር ሆኜ ሳይህ ነበር። እጅህን ዘርግተህ ቆምክ። ‹እኔን ይዘለኛል› አልኩ በልቤ። ከዚያ አስገባኸው።»

«ብዘልሽ ሌላ ነገር ይመስላል ብዬ ነው።»

«ምን ይመስላል?»

ከባልዲው የሚንጠባጠበው ውሃ ደፉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ክላይቭ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ስለ ደመናው አንድ ነገር ሊናገር ከንፈሩ ተላቀቀ፤ እንደገና ገጠመ።

«እኔም ተናደድኩ» አለች ሎሬን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ገንዘቡን ከፈለገ ገንዘቡን ይውሰድ አልኩ። ገና መሰላሉ ላይ ሳለህ የምልክልህ ለዚያ ነው።»

«ሰው ተናዶ ቀድሞ ሲከፍል አንቺን አየሁ።»

ሎሬን ልትስቅ ምንም አልቀራት፤ ግን አልሳቀችም። «ደግሞስ መስታወት ከአንድ ወገን ብቻ የሚያሳይ ይመስልሃል? ያን ቀን ራስል ሻይ ሲጠጣ በመስኮቱ አፍጥጠህ ስትገላምጠው ‹ይሄን ሰውዬ ሆዱን ያመዋል እንዴ?› አለኝ።»

ክላይቭ ጆሮው ጋለ። «እሺ» አለ፤ «እንደ ድሮው እናድርገው። ስልኩ ይቅር። ሐሙስ ማታ እመጣለሁ፤ በእጄ ትሰጪኛለሽ።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«አንደኛ፣ በስልክ መክፈሉ ተመችቶኛል። ሁለተኛ ደግሞ፣ ያን ሁሉ ዓመት እየመጣህ ስትሄድ ሂሳብህን ልትወስድ ይሁን እኔን ልታይ አንድ ቀን አላወቅኩም። ከእንግዲህ እንደዚያ አልኖርም፣ ክላይቭ። ራስል እንኳ ለምን እንደሚመጣ በአፉ ነግሮኛል።»

«ነገረሽ?»

«እሁድ ቦዩ ዳር ካለው መጠጥ ቤት ምሳ እንብላ ብሎኛል።»

«ምን አልሽው?»

«ላስብበት አልኩት» አለችና በሩን በቀስታ ዘጋች።

ክላይቭ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ስልኩ ጮኸ። ሎሬን ከፍላለች። ዛሬ ምስጋናው አልተጨመረበትም።

እሁድ ቅርብ ነው። ራስልን በዓይነ ሕሊናው አየው፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ኖት ሲቆጥር፣ ሎሬን ስትስቅለት። ግን ፍርዱን ማጣመም አልቻለም፤ ሰውዬው ምንም አልሰረቀውም። ክፍት በር አገኘ፤ አንኳኳ፤ ገባ። በሩን የተወው እሱ ራሱ ነው። ወርዶ መሰላሉን መልሶ አቆመና የላይኛዋን መስታወት ከእንደገና አጠባት፤ ጥግ ጥጓን በጨርቅ አደረቃት። ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደ።

ማታ ታጥቦ፣ ለቀብርና ለሠርግ የሚለብሰውን ሸሚዝ ለብሶ ተመለሰ። ባልዲ የለም፤ መሰላል የለም፤ የሂሳብ ቦርሳውንም አልያዘም። እጁ ባዶ ሲሆን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። በወይዘሮ ሳትክሊፍ መስኮት መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አየ። አንኳኳ።

«ክላይቭ ነህ?» አለች ከውስጥ።

«ነኝ።»

ሎሬን ከፍታ ከሸሚዙ እስከ ጫማው አየችው። «ከፍያለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ። ደርሶኛል።»

«ታዲያ?»

ዝናብ እያካፋ ነው። ስለ ዝናቡ መናገር እንዴት ቀላል ነበር!

«አንቺን ለማየት ነው የመጣሁት» አላት። «ድሮም እንደዚያው ነበር። ሂሳቡማ ሰበብ ነው፤ በነጻም ባጥብልሽ ኖሮ እመጣ ነበር። ደግሞ ቀናሁ፣ ሎሬን። በጣም ነው የቀናሁት። በዚያ ሰውዬ ካልሲ ሳይቀር ቀናሁ።»

ከንፈሯ ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ካልሲው ቀዳዳ ነው» አለች።

«አይቻለሁ። አውራ ጣቱ ጋ።»

«መስኮት አጣቢ ወደ ውስጥ አያይም ስትል አልነበር?»

«አያይም።»

ፈቀቅ አለችለት። «እግርህን ጥረግና ግባ። ኬክ የለም፤ ራስል ጨርሶታል።»

ወጥ ቤቱ እንደ ድሮው ነው። እንደ ድሮው ያልሆነው የግድግዳው ማሞቂያ ላይ የተሰጡት የራስል የሥራ ጓንቶች ናቸው። ሊደርቁ ተሰጥተዋል፤ የሚደርቅ ነገር ደግሞ ባለቤቱ ተመልሶ ይወስደዋል። ክላይቭ አያቸው። ያቺ ቅናት እንደገና ነከስ አደረገችው፤ ችላ አላት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«እሁድስ?» አለ ግን፤ ሊያስችለው አልቻለም።

«ለራስል የምመልሰውን ለራስል ነው የምነግረው። እሱ ጨዋ ሰው ነው፤ ከሌላ መስማት አይገባውም። አንተ የራስህን ጠይቅ።»

«ቅዳሜ አሳ ጥብስ ልጋብዝሽ?»

«ማን ነው የሚከፍለው?»

«እኔ። በካርድ።»

«አስብበታለሁ» አለች፤ ሻዩን ስትቀዳ ግን ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ክላይቭ ኩባያውን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ይህን መስታወት ሲያጥበው ኖሯል፤ ከውስጥ ሆኖ ካየው ግን ብዙ ጊዜ ሆነው። መሃሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀጭን መስመር አለች። እጁ በቆመ ቁጥር መጥረጊያው እዚያው ቦታ ላይ የሚተዋት መስመር ናት፤ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ በየወሩ ልክ እዚያች ቦታ ሲደርስ ወደ ውስጥ ሊያይ እጁ ይቆም ነበርና። ከውጭ አትታይም። ከውስጥ በመብራቱ እንደ ጠባሳ ትታያለች። አፈረ። ኩባያውን አስቀምጦ፣ መሐረቡን ከኪሱ እየሳበ ብድግ ሊል ሲል ሎሬን እጇን ክንዱ ላይ አደረገች።

«ተው፣ ተቀመጥ» አለችው። «ለዚህ አልከፍልህም።»